ወረቀቱማ ያምራል

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መድን ድርጅት የባሕር ክፍል አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ፋይል ሳገላብጥ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ለዚህ ይሆናል የፓብሎ ነገር ከአእምሮዬ ያልወጣው።

ፓብሎ እ.ኤ.አ. በ1997 የተሠራች ነዳጅ ጫኝ መርከብ ነበረች። የጋቦን ባንዲራ ታውለበልባለች። ሜይ 1 ቀን 2023 ማሌዥያ አጠገብ ፈነዳች። ከ28 መርከበኞች 3ቱ የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ። ደግነቱ ጭነቷን አራግፋ ነበር። መድን ሰጪዋ እኔ ነኝ ያለ ግን አልተገኘም። ቅሪቷ ለወራት እዚያው ተገትሮ ቀረ።

በ1992ቱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ2,000 ቶን በላይ ድፍድፍ ነዳጅ የጫነ መርከብ ለብክለት ጉዳት መድን ሊኖረው ግድ ነው። እኛ ጋ መኪና ያለ ሦስተኛ ወገን እንደማይነዳው ማለት ነው። (እሺ፣ የሚነዳም አለ።) ወደብ ላይ የሚታየው ግን ወረቀቱ ነው። ከጀርባው ገንዘብ ይኑር አይኑር ማን ደውሎ ያጣራል?

ሮ ማሪን የተባለው ድርጅት የገባው በዚሁ ቀዳዳ ነው። በ2024 የኖርዌይና የዴንማርክ ጋዜጠኞች ሲያጋልጡት፣ ፈቃድ ሳይኖረው በተጭበረበረ ሰነድ መድን ይሸጥ ነበር። ከደንበኞቹ መካከል የሩሲያን ነዳጅ የሚያመላልሱ አሮጌ መርከቦች ነበሩ።

ሙስና ሁልጊዜ በፖስታ ታሽጎ አይመጣም። አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ ሰርተፊኬት ላይ ያለውን ስልክ ደወልኩ። ሦስት ቀን ሞከርኩ፤ የሚያነሳ የለም። ለአለቃዬ ነገርኩት። ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «ማኅተሙን አላየሽም እንዴ?» አለኝ።