ጥርስ ህክምና ውጭ ወይስ አገር ቤት? ለእኔ የወሰነልኝ የአያቴ ስም ነው

የጥርስ ህክምናን ቱርክ ልማር ወይስ አገር ቤት ብላችሁ እንቅልፍ ያጣችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ አገር ከማወዳደራችሁ በፊት የስምንተኛ ክፍል ካርዳችሁን፣ የ12ኛውን ሰርተፊኬት፣ የልደት ሰርተፊኬታችሁንና ፓስፖርታችሁን ጎን ለጎን ዘርጉ። የእንግሊዝኛውን ስም ፊደል በፊደል፣ የልደቱን ቀን ቁጥር በቁጥር አመሳክሩ። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የመከረኝ ሁሉ የሚያወራው ስለ ኢስታንቡል ውበት ነበር።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ሐምሌ 2015 ተፈተንኩ። በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ነው። እኔ ከእነሱ መሀል ነበርኩ፤ ሰኞ ገበያ ካለው የአባቴ ሱቅ ጨርቅ ገዝቶ ይህን ሳይሰማ የወጣ ደንበኛ የለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝና ፍሬሽማን ጀመርኩ። ፓስፖርት ደሴ ቅርንጫፍ ስላለ ለሱ አዲስ አበባ መውረድ አያስፈልግም፤ ወረፋውን መቻል ብቻ ነው።

የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማመልከት ገንዘብ አይጠይቅም። ብዙ ጊዜ ከጥር መግቢያ እስከ የካቲት አጋማሽ ክፍት ይሆናል። ማንም የማይነግራችሁ ነገር ግን አለ፦ ለሌላው የመጀመሪያ ዲግሪ 70 በመቶ ሲበቃ ለህክምና፣ ለጥርስና ለፋርማሲ የሚጠየቀው 90 በመቶ ነው። ግማሽ ማምጣት ድግስ በሚያስደግስበት አገር 90 ማን አለው? ህንድን አየሁ፤ ትምህርቱ አራት ዓመት፣ ልምምዱ አንድ ዓመት ነው፣ ግን ኒት የሚሉት የመግቢያ ፈተናቸው የውጭ ተማሪንም ይመለከታል። ስለዚህ የቀረው እየከፈሉ የሚማሩበት የቱርክ የግል ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እዚህ ላይ ነው ኤጀንት የሚባለው ፍጡር ሕይወቴ ውስጥ የገባው።

ቤት ውስጥ ክርክሩ አጭር ነበር። እናቴ፣ "ጥርስ ለመንቀል ባሕር ትሻገራለች እንዴ አንቺ ልጅ?" አለች። አባቴ ግን ደስ ብሎት ነበር፤ ያጠራቀመውን ብር በዶላር እያሰላ ማታ ማታ በካልኩሌተር ይጫወት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ።

የአያቴ ስም መሐመድ ነው። በእንግሊዝኛ የስምንተኛ ክፍል ካርዴ ላይ በ"ኦ" እና በሁለት "ኤም"፣ የ12ኛው ሰርተፊኬት ላይ በ"ዩ" እና በአንድ "ኤም"፣ ፓስፖርቴ ላይ ደግሞ በ"ኢ" ተጽፏል። ወሎ ውስጥ ይህን ስም አንድ ዓይነት አድርገው የሚጽፉ ሁለት ጸሐፊዎች ማግኘት ዘበት ነው። በዚያ ላይ የልደት ሰርተፊኬቱን የሞላው ሰውዬ ጥር 1998 የተወለደችን ልጅ ወደ ፈረንጅ ሲቀይር 7 ደምሮ 2005 አደረጋት። 7 የሚደመረው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ለተወለደ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜ ለተወለደ የሚደመረው 8 ነው። ፓስፖርቱን ያወጡልኝ የኢትዮጵያውን ቀን አይተው 2006 ብለው በትክክል ጻፉ። እንግዲህ በወረቀት ሦስት አያት፣ ሁለት ልደት አለኝ ማለት ነው።

ኤጀንቱን ጠየቅኩት። "ጣጣ የለውም እህቴ፣ እዛ አያዩትም" አለኝ። የምዝገባውን ቅድሚያ ክፍያ ከፈልን። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች አዩት። ሰርተፊኬቱ ተረጋግጦ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ሆኖ ካልቀረበ የመጨረሻውን የቅበላ ደብዳቤ አንሰጥም አሉ። እነሱን አልወቅስም፤ መጠየቅ ያለባቸውን ነው የጠየቁት።

ሰነዴን ለማረጋገጥ የሄድኩት አዲስ አበባ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሁለቱን ወረቀት አየችና፣ "ይሄ ሌላ ሰው ነው፣ ከትምህርት ቤት ደብዳቤ አምጪ" አለች። እኔ ጅማ፣ ትምህርት ቤቱ ደሴ፣ መስኮቱ አዲስ አበባ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያ ጅማ ሌላ 350 ያህል ነው። በዚያ ዓመት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር አባቴ አንድ ፎቶ እንኳ በቴሌግራም ሊልክልኝ አይችልም ነበር። ወረቀት የምንላላከው በአውቶብስ ሹፌር እጅ ነው፤ መንገዱም ሲከፈት ነው፣ ሲዘጋ ደግሞ ፖስታው ከሹፌሩ ጋር ደብረ ብርሃን ያድራል።

ትምህርት ቤቱ ዋናው ሮስተር፣ ማለትም የተማሪዎች መዝገብ፣ የለም አለ። ደሴ በጥቅምት 2014 በጦርነቱ ስትያዝ መዝገብ ቤቱ ተበታትኖ ነበርና ይህን መጠየቅም ይከብዳል። አባቴ፣ "እንግዲያው የለም የሚል ደብዳቤ ስጡኝ" አለ። "አባቴ፣ የሌለ ነገር የለም ብለን እንዴት እንጽፋለን?" አሉት። የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ሲመጣ ማህተም ያዥዋ ወሊድ ላይ ናት። በመጨረሻ ደብዳቤው ተጻፈ፣ በሹፌር መጣልኝ፣ ከፈትኩት። እንዲህ ይላል፦ "መሐመድ የሚለውና መሐመድ የሚለው የአንድ ሰው ስም መሆኑን እናረጋግጣለን።" በአማርኛ! ልዩነቱ ያለው በእንግሊዝኛው ነው፤ ጸሐፊዋ ሁለቱንም በግዕዝ ፊደል አንድ አድርጋ መታችው። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ አንብባ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "ወጪ ቁጥርም የለውም፣ ቲተር (የፈራሚው የስም ማህተም) እንጂ ክብ ማህተም አላረፈበትም" ብላ መለሰችልኝ።

አባቴ ስልክ ላይ "አብሽሪ" ይለኛል። እኔ ለፍሬሽማን ፈተና ማጥናት ትቼ ስለ ክብ ማህተም አስባለሁ።

የፈታው ፍርድ ቤት ነው። ሦስቱ አጻጻፎች የአንድ ሰው ስም መሆናቸው እንዲረጋገጥ አባቴ አቤቱታ አስገባ፣ ሁለት የገበያ ጎረቤቶቹ መሰከሩ፣ ዳኛዋ በዚያው ቀጠሮ ወሰነች። አቤቱታው ላይ ሦስቱም በእንግሊዝኛ ፊደል እንዲሰፍሩ ያደረግነው ከደብዳቤው ስለተማርን ነው። ያ ሁሉ መስኮት ፊት ስንቆም አንድ ሰው እንኳ "ፍርድ ቤት ሂዱ" አላለንም። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ደብዳቤ አምጡ የሚለው የቢሮዎቹ መመሪያ ነው፤ እኔ ግን ስማችሁ ከተለያየ በደብዳቤ አትልፉ፣ በቀጥታ ፍርድ ቤት ሂዱ እላለሁ። የልደቱንም ሰርተፊኬት በዚያው ሰሞን አስተካከልነው።

ውሳኔው እጃችን ሲገባ ሐምሌ እየተገባደደ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ተሻገረ። አባቴ ለእያንዳንዱ 1,000 ዶላር 57 ሺህ ብር ብሎ የቆጠረው ከ100 ሺህ በላይ ሆነ፤ እሱም ለአንዱ ዓመት ክፍያ ብቻ፣ ቤት ኪራይና ምግብ ሳይገባ። ትምህርቱ ደግሞ አምስት ዓመት ነው። ካልኩሌተሩን ገለበጠው፣ ሌላ ነገር አልተናገረም። ወረቀቱ ግንቦት ላይ ቢያልቅ የመጀመሪያውን ዓመት በአሮጌው ምንዛሪ ከፍለን ሄጄ ነበር፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ ምን እሆን እንደነበር ሳስብ ደግሞ ያቺን የመስኮት ልጅ ልመርቃት ይቃጣኛል። ይቃጣኛል እንጂ አልመርቃትም።

ቀረሁ፤ ዲፓርትመንት ስንመርጥ የጥርስ ህክምና ሞላሁ፣ ደረሰኝ። መጀመሪያ ከንፈሬን ጥዬ ነበር። አሁን ግን ሰው ቢጠይቀኝ የማወራው ስለ ዶላር አይደለም። ጥርስ የእጅ ሙያ ነው። ሰም ጠርቦ መንጋጋ ማውጣት ትማራላችሁ፤ አንዷን ጉብታ አሳንሳችሁ ከጠረባችሁ መምህሩ በጥፍሩ ነካ አድርጎ "እንደገና" ይላል። ከዚያ በሽተኛ ይመጣል። እንግዲህ የትኛውንም አገር ስትመርጡ በሽተኛውን በምን ቋንቋ ታናግሩታላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ቱርክ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ቢሏችሁም ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው እናት ቱርክኛ ነው የምትናገረው። ይህን ብዬ እንዳልታበይ፣ ጅማም ኦሮምኛ የግድ ነው። የከሚሴዋ አያቴ በልጅነቴ በኦሮምኛ ስታወራኝ ጆሮ መስጠቴ አሁን ጠቀመኝ።

ሌላው፣ የምታክሙት የማንን አፍ ነው? እዚህ ጉንጩ እስኪያብጥ በቤቱ ቆይቶ የሚመጣ ሰው ታያላችሁ። በስምጥ ሸለቆ ውኃ ፍሎራይድ የተነሳ ጥርሱ ቡኒ የሆነ ወጣት፣ ጫት ድዱን የጎዳው ሽማግሌ፣ ገና ያልወጣ የወተት ጥርሱን በባህል አዋቂ ያስነቀሉት ሕፃን ታያላችሁ። ተምሮ ለመመለስ ላሰበ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ውጭ ተምራችሁ ብትመለሱ ደግሞ የአቻ ግምትና የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና ይጠብቃችኋል፤ ማለትም ሌላ መስኮት። እዛው ለመቅረት ያሰበ ይሂድ፣ ግን ቤተሰቡን "እመለሳለሁ" ብሎ መሬት አያሸጥ።

ውጭ ልትሄዱ ቢሆንም የደረሳችሁ ዩኒቨርሲቲ ግቡና ተመዝገቡ። "ልሄድ ነው" ብለው ቤት የተቀመጡ ጓደኞቼ ዓመቱን በሙሉ ሐረጎ ተራራ ላይ ጭጋግ ሲያዩ ከረሙ። የምትወጡ ከሆነም የዊዝድሮው (ትምህርት ማቋረጫ) ፎርም ሞልታችሁ ውጡ፣ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። ለኤጀንት ደግሞ ወረቀታችሁ ሳያልቅ አምስት ሳንቲም አትስጡ፤ ቪዛ ሲመጣ የሚመለስ ገንዘብ ነው ቢላችሁ ያለ ፊርማ አትመኑት።

የእኛ ቅድሚያ ክፍያ እስካሁን አልተመለሰም። ኤጀንቱ ስልክ ያነሳል፤ "እየተሠራበት ነው እህቴ" ይላል። በቅርቡ ደግሞ ታናሽ ወንድሜ 12ኛ መድረሱን ከየት እንደሰማ እንጃ፣ በሱ ስም ጠየቀኝ።