የጨረታ ኮሚሽን ይወርዳል፣ ጠይቁ

መርካቶ ገብቶ ለአንድ ኪሎ በርበሬ ግማሽ ሰዓት የሚከራከር ሰው፣ አሜሪካ መጥቶ የታተመ ኮንትራት ሲሰጡት ዝም ብሎ ይፈርማል። ሁሌ ይገርመኛል። የድሮ ሳንቲም ለሰብሳቢ የሚያጫርቱ ድርጅቶች ከሻጩ የሚቆርጡት፣ ወረቀት ላይ ያለው ኮሚሽን የመጀመሪያ ዋጋቸው ነው። ይወርዳል። የሚወርደው ግን ለጠየቀ ብቻ ነው።

አንድ ጓደኛዬ ሞርጋን የሚባሉትን የድሮ የአሜሪካ የብር ዶላሮቹን በጨረታ ሊሸጥ አስቦ ደወለልኝ። «10 ከመቶ ነው የሚቆርጡት፣ ደህና ነው?» አለኝ። «ገዢውንስ ስንት ያስከፍሉታል?» አልኩት። አልጠየቀም። ዋናው ነገር ግን እሱ ነበር።

መዶሻው ሲመታ የሚጠራ ዋጋ አለ፣ የመዶሻ ዋጋ ነው የሚባለው። ገዢው በዚያ ላይ የገዢ ፕሪሚየም የሚባል ይጨምራል። እንደ ሄሪቴጅና ስታክስ ባወርስ ያሉ ትልልቆቹ ዘንድ 20 ከመቶ ገደማ ነው። በኢንተርኔት ብቻ ከሚያጫርቱት መካከል ከዚህ በጣም ዝቅ የሚያደርጉ አሉ።

እስቲ እናስላው። አንድ ሰው ለሳንቲማችሁ በጠቅላላ 12,000 ዶላር ለማውጣት ወስኗል እንበል። ፕሪሚየሙ 20 ከመቶ ከሆነ 10,000 ላይ ያቆማል። ከእሱ ላይ 10 ከመቶ ኮሚሽን ሲቆረጥ እናንተ 9,000 ታገኛላችሁ፣ አጫራቹ 3,000 ወሰደ ማለት ነው። 2,000ውን የከፈለው ገዢው ይመስላል። ተጫራች ግን ጅል አይደለም፤ ፕሪሚየሙን አስቀድሞ በልቡ ቀንሶ ነው እጁን የሚያነሳው፣ ስለዚህ እሱም የወጣው ከእናንተው ሳንቲም ነው።

በዚህ ሂሳብ «ኮሚሽኑን ዜሮ አድርጉልኝ» ማለት ነውር የለውም። 2,000 ዶላር ይቀራቸዋል እኮ! ሳንቲሙ ጥሩ ከሆነ ደግሞ ከዚያም አልፎ «የመዶሻውን 105 ከመቶ» መጠየቅ ይቻላል። ከፕሪሚየማቸው ያካፍሏችኋል ማለት ነው፣ 10,500 ይገባላችኋል።

105 የሚለው ቁጥር ግን ጆሮ ላይ ከሚገባው በላይ ይጣፍጣል። ፕሪሚየሙ 10 ከመቶ የሆነ ሌላ አጫራች ዘንድ ያው 12,000 የያዘ ሰው 10,900 ገደማ ድረስ ይሄዳል። እዚያ በዜሮ ኮሚሽን ከሸጣችሁ 105ቱን በለጣችሁ። በእርግጥ ያ ተጫራች እዚያም መኖር አለበት። ለብርቅ ሳንቲም ሁለት ሀብታሞች የሚፋጠጡበት ትልቅ ጨረታ ይሻላል፣ ለመካከለኛው ግን ይህን ያህል ለውጥ የለውም። እኔ ሁሌ የምጠይቀው ገዢው ካወጣው ገንዘብ ስንቱ እጄ ይገባል የሚለውን ነው። ሌላው ማስታወቂያ ነው።

አሁን በምን ትከራከራላችሁ? ጓደኛዬ ከያዘው ውስጥ ኔቫዳ ካርሰን ሲቲ የተመታ የ1889 ሞርጋን ነበረበት፣ ሰብሳቢ የሚፈልገው ዓይነት። እሱን ለብቻው ልላክ ሲል ተው አልኩት። እሱ ነው ሌሎቹን የሚጎትተው። በአንድ ኮንትራት ደህና ደህናዎቹን አብራችሁ ስታቀርቡ መደራደሪያ ይኖራችኋል። እንደ 1921 ሞርጋን ያሉትን በየቦታው የሚገኙትን ግን ከዝርዝሩ አውጧቸው። አጫራቹ የ50 ዶላሩንም የ5,000 ዶላሩንም ሳንቲም ፎቶ ማንሳትና ካታሎግ ውስጥ መጻፍ አለበት፣ ርካሹ ሲበዛበት እጁ ይጠብቃል።

ዝርዝሩ ላይ ዓመቱን፣ የተመታበትን ቦታ፣ ሳንቲም መርምረው ደረጃ ከሚሰጡት ድርጅቶች ፒሲጂኤስ ወይም ኤንጂሲ የሰጠውን ደረጃና የሰርተፍኬት ቁጥሩን ጻፉ። ለሁለት ለሦስት አጫራች ላኩት፣ ሌላ ጋም እንደላካችሁ ሳትደብቁ ንገሯቸው። ጃንዋሪ ፍሎሪዳ ለሚደረገው ፈን ለሚባለው ትርዒትና ለኦገስቱ የኤኤንኤ (የአሜሪካ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር) ትርዒት ካታሎግ ሲሞሉ ጥሩ ሳንቲም ይርባቸዋል፣ ያኔ ስልክ ቶሎ ያነሳሉ።

ደግሞ ትንንሹን ጽሑፍ አንብቡ። አንድ ጊዜ «ዜሮ ኮሚሽን» የሚል ኮንትራት መጣልኝ። ገልበጥ ሳደርገው ለእያንዳንዱ ሳንቲም የፎቶ፣ የኢንሹራንስ፣ ዝቅተኛ ዋጋ አስቀምጬ ካልተሸጠ ደግሞ የመቀጫ ሂሳብ ተደርድሯል። ዜሮው የት ገባ? ሁሉንም አሰርዤ ነው የፈረምኩት።

ከቤተሰብ የወረሳችሁት ካለ ሁለት ቃል ልበል። ጠገራ ብር ሁሉም 1780 ይላል፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን በተለያዩ ከተሞች ሲመታ የኖረ ስለሆነ አብዛኛው ከብሩ ዋጋ ብዙም አያልፍም። ጨረታ አይወጣለትም፣ ሳንቲም ቤት ሽጡት። ፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብር ግን ንጹሕ ከሆነ ያጫርታል። ችግሩ ብዙው አንገት ላይ የዋለ ነው። ጠርዙን በማጉያ መነጽር እዩት፤ ማንጠልጠያው የተነቀለበት ቦታ ለስልሶ ያብለጨልጫል፣ ደረጃ ሰጪዎቹም እሱን አይተው የቁጥር ደረጃ ይከለክሉታል። በአመድና በሎሚ ማሸትም ያው ነው፣ እባካችሁ ተዉት። የአክሱም ሳንቲም ከሆነ ደግሞ ስለ ኮሚሽን ከማውራታችሁ በፊት ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል፣ በኢትዮጵያ ሕግ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው።

ገንዘቡ የሚገባበትን ቀንም ኮንትራቱ ላይ አጽፉ። ከጨረታው በኋላ 45 ቀን የተለመደ ነው። ገዢው ካልከፈለስ ምን ይሆናል የሚለውንም አብራችሁ ጠይቁ፣ መልሱን በቃል ሳይሆን በኢሜይል ተቀበሉ።