ያዋጣሁት የት ላይ ነው?

ሰኔ ገብቷል። ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የሠራ ሰው ይህን ወር ያውቀዋል። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል፣ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ የከረመ የሥራ ክፍል ሁሉ ወሩ ሊያልቅ ሲል የግዥ መጠየቂያውን ይዞ በራችን ላይ ይሰለፋል። ብርዱም አለ። የኛ ደጋ ጭጋጉን ሲያወርደው ጋቢ ደርበን ነው ክፍያ የምንሠራው፤ መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ኮምፒውተሩም እኛም አብረን እንቀዘቅዛለን።

ዛሬ ልጽፍ የተነሳሁት ግን ስለ በጀት ሰሌዳው ነው። ለማታውቁት፦ ወረዳው ለዓመቱ ስንት ብር እንደተመደበለት፣ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለውሃ ስንት ስንት እንደደረሰ ማንም አንብቦ እንዲረዳው ሆኖ በትልቅ ወረቀት ይዘጋጅና ግቢው በር አጠገብ ይለጠፋል። መለጠፉ የኔ ሥራ ነው። ሰው ቆሞ ሲያነበው ደስ ይለኛል። አብዛኛው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ይሄ ሁሉ ደመወዝ ነው?» አዎ፣ አብዛኛው ደመወዝ ነው። ከደመወዝና ከሥራ ማስኬጃ ተርፎ ለካፒታል፣ ማለትም ለግንባታና ለቋሚ ዕቃ፣ የሚቀረው ቁራሽ ነው፤ ከሌሎች ወረዳዎች የሚመጡ ባልደረቦቼም የሚነግሩኝ ይሄንኑ ነው።

በቀደም አንድ ሽማግሌ መጡ። ለመሬት ግብር ጉዳይ ነበር አመጣጣቸው። ተራቸው እስኪደርስ ሰሌዳው ፊት ቆመው እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ታች አነበቡና ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ በ2014 ያዋጣሁት የት ላይ ነው?»

ለሰሜኑ ጦርነት ምን እንዳዋጡ ጠየቅኳቸው። አንድ በግ፣ አንድ ቁና በሶ፣ ከዚያ ደግሞ በቀበሌው በኩል የተሰበሰበ ብር። ብሩ ደረሰኝ ነበረው አሉ፤ በጉና በሶው ግን እንዲያው በቃል ነው የሄዱት። እኔም ሰሌዳውን አብሬያቸው እንደማላውቀው ሰው ከላይ እስከ ታች አየሁት። የትም የለም። የወረዳ በጀት የሚመዘግበው ከክልል የመጣውን ድጎማና እዚሁ የተሰበሰበውን ገቢ ነው። የእሳቸው በግ ከሁለቱም አይደለም። ይህንን ሳስረዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ጦርነቱ በነጻ ነው የተካሄደው» ብለው ወደ ግብር መስኮቱ ሄዱ። አሽሟጠውኛል፤ ልክ ነበሩ።

ጦርነቱ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ትግራይ ላይ ሲጀመር ለሸዋ ሰው የሩቅ ወሬ ነበር። በዓመቱ ደጃችን ደረሰ። ኅዳር 2014 ሸዋ ሮቢት ተይዛ ውጊያው ወደ ደብረ ሲና ተጠግቶ ነበር። አጣዬማ ከዚያ በፊት፣ በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ፣ በሌላ ግጭት ተቃጥላ ገና አመዷን ያላራገፈች ከተማ ነበረች። ከቆላው የሸሸው ሰው ጣርማበርን አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን ሲጎርፍ ማሽላው ማሳ ላይ ነበር፣ ጤፉም ገና አልተወቃም። ያ ማሽላ ምን ያህል ብር ነበር? ማንስ ቆጠረው?

የኛ ሰፈር ያን ሰሞን ስንቅ ነበር የሚያዘጋጀው። በሶ ቀላል ሥራ አይምሰላችሁ። ገብሱ ይለቀማል፣ ይቆላል፣ በሙቀጫ ተሸክሽኮ ገለባው ይነፋል፣ እንደገና ሞቅ ይደረግና ነው ወፍጮ ቤት የሚሄደው። ማገዶው ኩበት ነው፤ ጢሱ ጣሪያ ሥር ይንሳፈፍና ዓይን ላይ ይወርዳል። እናቴ እግሯን ዘርግታ ምጣዱ ፊት ተቀምጣ በማማሰያ ስታገላብጥ፣ አንዳንዱ ፍሬ እየፈነዳ ቀሚሷ ላይ ሲያርፍ፣ ከደጅ ደግሞ ወደ ደብረ ሲና የሚወርዱት ከባድ መኪኖች መስኮቱን ሲያነቃንቁት፣ ሁሉም አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ገብሱን የቀዳችው ለበልግ ዘር ካስቀመጠችው ጎታ ነበር።

«እማዬ፣ ዘሩን እኮ ነው።»

«ታዲያ ልጆቹ ምን ይብሉ?»

በጥር መጨረሻ ያንኑ ዘር ከገበያ ገዛች፤ በገበያው ዋጋ። ልዩነቱን ከፍዬላታለሁ፣ እኔም ለጦርነቱ ከደመወዜ ከተቆረጠብኝ በኋላ። የሷ የዓይን ሕመም ከዚያ ሰሞን ጀምሮ አልተዋትም። እንግዲህ ይህን በየትኛው የሒሳብ መደብ ነው የማስገባው?

ሰሌዳ ላይ የወጣውን እንኳ ብናይ ቀላል አይደለም። የ2014 የፌዴራል በጀት መጀመሪያ ሲጸድቅ 561.7 ቢሊዮን ብር ነበር። ዓመቱ ሳይጋመስ 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ተጠየቀ፤ ትልቁ ድርሻ ለመከላከያ። ከዋናው በጀት አንድ አምስተኛ በላይ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ከ786.6 ቢሊዮን ብር ውስጥ ለመከላከያ 84 ቢሊዮን ተያዘ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረው ብዙ እጥፍ። የሙያ በሽታዬ ነውና ይህን ለቀን አካፈልኩት፤ 230 ሚሊዮን ብር ገደማ። ለደቂቃ ሳካፍለው 160 ሺህ ብር ሆነ። ሠራዊት በሰላም ጊዜም ይበላል፣ ይለብሳል፣ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ 84 ቢሊዮኑ ሁሉ ለተኩስ ዋለ ማለት ውሸት ይሆናል። ግን ደቂቃዋ ከአእምሮዬ አልወጣችም።

ምክንያቱም አንድ ጤና ጣቢያ አለን። ስሙን ልተወው። ማዋለጃ ክፍሉ አለ፣ አዋላጇም አለች፣ ውሃ የለም። ወላድ ስትመጣ ቤተሰቧ በጀሪካን ምንጭ ወርዶ ይቀዳል። የጠየቁት አንድ ሮቶና ከምንጩ እስከ ግቢው የሚዘረጋ ቧንቧ ነው። ጥያቄው በየዓመቱ ይመጣል፣ እኔም በየዓመቱ «የበጀት እጥረት» ብዬ የሚመለስበትን ደብዳቤ አዘጋጃለሁ። ዋጋውን ከዚያች ደቂቃ ጋር ሳስተያየው አንድ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ያለውን ጊዜ እንኳ አይሞላም።

አጎቴ እንዲህ ዓይነቱን ስሌት አይወዱትም። ባድመ የዘመቱ ሰው ናቸው፤ በየካቲት 1991 ዘመቻ ፀሐይ ግባት ላይ ነበሩ፤ በኋላ ጉልበታቸውን ተመትተው ቦርድ ወጡ። ማታ ማታ ቡና ላይ እንከራከራለን።

«ገንዘብ ቤት ስለምትሠሪ ነው ሁሉ ነገር ብር የሚመስልሽ» አሉኝ። «አገር ከሌለ ጤና ጣቢያሽ ምን ላይ ሊቆም ነው?»

ይህን ጥያቄ ማጣጣል አልችልም። ኅዳር 2014 ላይ ታንክ በሰፈራችን ሲያልፍ ሳይ እፎይ ካሉት አንዷ ነበርኩ። ያን ሌሊት ስለ ሮቶ አላሰብኩም።

ግን ጋሼን ስለ ራሳቸው ጦርነት ጠየቅኳቸው። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ካለቀ በኋላ የድንበር ኮሚሽኑ በሚያዝያ 1994 ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። የካሳ ኮሚሽኑ ደግሞ በነሐሴ 2001 ሒሳቡን ዘጋ፤ ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለኤርትራ 163.5 ሚሊዮን ገደማ ይገባል ብሎ። ሲቀናነስ ለኛ የሚተርፈው 10 ሚሊዮን ዶላር ተኩል ያህል ነው። ቁጥሩን ስነግራቸው ስኒያቸውን አስቀመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። «ጉልበቴንም ቆጥረውታል?» አሉ። ሳቅን። እህቴ ግን አልሳቀችም፤ መድኃኒታቸውን የምትገዛው እሷ ናት።

የጋሼ ጉልበት የኔን ክርክር ከኔ በላይ ይናገራል። ጦርነት ቆመ ተብሎ ክፍያው አይቆምም። አሜሪካ ውስጥ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ያሉ አጥኚዎች ከመስከረም 2001 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ያለውን የሃያ ዓመት ጦርነታቸውን 8 ትሪሊዮን ዶላር ብለው የገመቱት፣ የብድሩን ወለድና ለቆሰለው ወታደር ወደፊት የሚወጣውን ሕክምና ጭምር ስለደመሩ ነው። እኛ ዘንድ ሕክምናውን የሚደምር የለም፤ የእህቴ ቦርሳ ነው የሚከፍለው።

አንድ ነገር ደግሞ ጋሼም የማይክዱት አለ። ከባድመ በኋላ መከላከያ ከአገሪቱ ምርት የሚወስደው ድርሻ እየቀነሰ ሄዶ በ2010 አካባቢ ከመቶ አንድ እጅ በታች ደርሶ ነበር። ያ ጊዜ ምን አመጣ? በ1995 የጤና ኤክስቴንሽን ተጀመረ፤ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ገቡ። የአክስቴ ልጅ አንዷ ናት፤ ክትባት ያልደረሰበትን ቤት በስሙ ታውቀዋለች። በ1999 ደብረ ብርሃን ላይ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ሁሉም ከመከላከያ ከተቀነሰው ብር ነው የመጣው ማለቴ አይደለም፤ እርዳታም ብድርም ነበረበት። ግን ጊዜውን ያገኘነው ስላልተዋጋን ነው።

እና ለራሴም የማይጥመኝን ልናገር፦ ያ ጤና ጣቢያ ያኔም ውሃ አልነበረውም። ስለዚህ «ጦርነቱ ቢቀር ኖሮ ሮቶው ይገዛ ነበር» ብዬ አልምልም። የተረፈ ገንዘብ በራሱ እግር ተራራ ወጥቶ አይመጣልንም፤ ለአዳራሽ፣ ለአጥር፣ ለመኪና የሚፈልገው ብዙ ነው። ሰሌዳው ፊት ቆመው የሚጠይቁ እንደዚያ ሽማግሌ ያሉ ሰዎች ቢበዙ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ችግሩ ጦርነት መጀመሪያ የሚያጠፋው ይህንኑ ጥያቄ መሆኑ ነው። «አሁን ጊዜው ነው?» ትባላለህ። ያን ጊዜ የገንዘብ ጥያቄ መጠየቅ ክህደት ይመስላል፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ጥቅምት 2015 መንግሥትና ሕወሓት ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ሲፈራረሙ፣ የሰሜኑ ጦርነት ያደረሰው ጉዳት ገና እየተደመረ ነበር። ገንዘብ ሚኒስቴር በኋላ ያወጣው ግምት ከ28 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ያ ግምት ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በኛው ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ያለውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ሰው ዘመዱን ለመቅበር እንኳ መጀመሪያ ደውሎ «እንዴት ነው በዚያ በኩል?» ሲል። በ2017 በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኖ ነበር። ይህንን ወደ ብር መለወጥ አልሞክርም። በ2017 አንደኛ ክፍል መግባት የነበረበት ልጅ በ2035 ምን ሊሆን ይችል እንደነበር የሚያሳይ የሒሳብ መደብ የለንም።

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ደግሞ ከወለጋ ተፈናቅለው በመጠለያ የሚኖሩት አሉ። ገበሬዎች ናቸው፤ በቆሎ አምራች የነበሩ ሰዎች ዛሬ ስንዴ ይሰፈርላቸዋል። እርዳታው ሲመጣ «ወጪ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ያላመረቱት በቆሎ ግን አይመዘገብም።

ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ አንድ ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር፦ ሰሌዳው ጫፍ ላይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ልጨምርበት፤ «ሕዝቡ በዓይነት ያዋጣው» ብዬ። በግ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ የተጓጓዘበት አህያ፣ የጠፋ የሥራ ቀን። ለኃላፊው ብነግረው ምን እንደሚለኝ ስለማውቅ አልነገርኩትም። ቅጹ ከላይ ነው የሚመጣው፤ አንድ መስመር መጨመር አይፈቀድም። ሆኖም ለራሴ ደብተር ላይ ጀምሬዋለሁ፤ የመጀመሪያው መስመር የእናቴ የበልግ ዘር ነው፣ ሁለተኛው የሽማግሌው በግ። ጎረቤቶቼን መጠየቅ ጀምሬያለሁ። ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ግን ሁሉም በልኩ ያስታውሰዋል፤ አንዷ የሰጠችውን የዶሮ እንቁላል እንኳ ቆጥራ ነገረችኝ።

ዛሬ ከሰዓት የ2018 ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ስናስቀምጥ ዋልን። ለአገሪቱ ለ2018 የቀረበው በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር መሆኑን ዜናው ይደጋግመው ነበር። የኛ ጤና ጣቢያ ሮቶ አምስተኛ ተራ ላይ ነበር፤ ከፊቱ የአዳራሽ ወንበርና የግቢ አጥር አለ። የውሃው ባለሙያና እኔ ተከራክረን ሦስተኛ አደረስነው። አጥሩ አሁንም ይቀድመዋል።