ዝናብ ሲመጣ ጠረጴዛ ሥር የሚገባው ልጅ

የምሠራበት የልጆች ንባብ ክፍል ፒያሳ አጠገብ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። የጎንደር ክረምት ደግሞ ይታወቃል፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ቆርቆሮ ሥር መደማመጥ የለም። ሌሎቹ ልጆች ይስቃሉ፣ ይጮሃሉ። አንድ የ7 ዓመት ልጅ ግን ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። አንድ ቀን ጎትቼ ላወጣው ስል እጄን ነከሰኝ። ተቆጣሁት። አያቱ ሊወስዱት ሲመጡ ነገርኳቸው።

"የኔ ልጅ፣ ባለጌ ሆኖ አይደለም። ቤትም ዝናብ ሲመጣ አልጋ ሥር ነው የሚገባ" አሉኝ።

በጣም አፈርኩ። ኦቲዝም (መግባባትን፣ ድምፅንና ብርሃንን የመቀበል ሁኔታን የሚለውጥ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት) የሚለውን ቃል የማውቀው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከከፈቱት ከዘሚ የኑስ ነበር፤ ስለ ልጃቸው በአደባባይ ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ። ይህን ልጅ ሐኪም አላየውም፤ እኔም ስም አልለጥፍበትም። ድምፅ እንደሚያመው ማወቄ ግን ሥራ ለመጀመር በቂ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግኩት ስህተት ነው። ልጁ የሚያርፍበት አንድ ጥግ ለይቼ ግድግዳውን ቢጫና ቀይ ቀባሁት፣ ፊደል ገበታና ሥዕል ደረደርኩበት። ለኔ አምሮ ነበር። እሱ ዞር ብሎም አላየው።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እሱ የሚደበቅበት ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ቁጭ አልኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። የወንበር እግር ሲሚንቶው ላይ ሲጎተት ጥርስ ያፋጫል። ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ። ከላይ ፍሎረሰንቱ እዝዝዝ ይላል። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የድሮው ዓይነት ፍሎረሰንት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ አብዛኞቻችን አናስተውለውም፣ አንዳንድ ሰው ግን ይረበሽበታል። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ሽታው ነው። በረንዳው ላይ ቡና እናፈላለን፤ ዕጣኑ በመስኮት ገብቶ ክፍሉን ይሞላዋል። ለኔ ያ የቤት ሽታ ነው። ለእሱ ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ቡናውን ወደ ጓሮ አዞርነው። ከጎሚስታ ቤት አሮጌ ጎማ ለምነን በየወንበሩ እግር ቆራርጠን መታንበት። ፍሎረሰንቱ በኤልኢዲ ተተካ። ግድግዳውን መልሼ ክሬም ቀባሁት። ገንዘብ የጠየቀን ኮርኒሱ ነው፤ ለጥጉ ብቻ በቃን። ቆርቆሮውን ዝም ባያሰኘውም ድምፁን አራቀው። መሬቱ ላይ ምንጣፍ፣ በላዩ አንድ ያረጀ ጋቢ። የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉትን የጆሮ መከላከያም ገዛሁ። የሚፈልግ ልጅ ራሱ አንስቶ ያደርጋል፤ እኛ አናደርግለትም።

በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ነገር ገጠመን። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሚረብሹ ልጆችን "ሂድ፣ ጥግህ ግባ!" እያለ ይልክ ጀመር። በ2 ቀን ውስጥ ጥጉ እስር ቤት ሆነ፤ ልጆቹ ሲያልፉ እንኳ ይሸሹታል። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ማንም ልጅ ተልኮ እንዳይገባ፣ የገባም ውጣ እንዳይባል ተስማማን። ከሁሉም ይህ ይበልጥብኛል። ጋቢና ምንጣፍ ቢኖርም ልጁ ሲፈልግ ገብቶ ሲፈልግ የማይወጣ ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

የጥጉን መጋረጃም ያስተካከልኩት ከእሱ አይቼ ነው። እኔ እስከ ታች ዘግቼው ነበር፤ እሱ ሁልጊዜ በአንድ እጁ ገለጥ አድርጎ በሩን ያያል። ስለዚህ አሳጠርኩት።

ባለፈው ነሐሴ ከባድ ዝናብ መጣ። ልጁ ከወንበሩ ተነሳ፣ መከላከያውን ከመስቀያው አወረደ፣ ጥጉ ገብቶ ጋቢውን ተከናነበ። ትንሽ ቆይቶ እጁ ብቻ ከጋቢው ወጣና የእንስሳት ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ጎትቶ አስገባ። አያቱ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው ዝናቡ እስኪያባራ አጠገቤ ተቀመጡ።