ወደ ቫሊኖር የገባሁት በኑሜኖር በኩል ነው

የእንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን የፈጠራ አፈ ታሪኮች ስብስብ የሆነውን «ሲልማሪሊዮን»ን ለማንበብ የተነሱ ብዙ ሰዎች በስም ብዛት ተሰላችተው ገና ከጅምሩ ያስቀምጡታል። እኔ በሌላ በር ገባሁ። መጽሐፉን ቶልኪን ካረፈ ከአራት ዓመት በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977፣ ልጁ ክሪስቶፈር አሰናድቶ ያሳተመው ሲሆን አምስት ክፍሎች አሉት። ንባቤን የጀመርኩት ከአራተኛው፣ ከኑሜኖር ደሴት መስመጥ ነው። ማወቅ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ ከባሕር ማዶ ያለው የማይሞቱት አገር፣ ቫሊኖር፣ ለሰው ልጅ ለምን እርም ሆነ?

መጀመሪያ ካርታ ሣልኩ። በምዕራብ ጫፍ ቫሊኖር፣ ዳርቻዋን ይዘው የቆሙት የፔሎሪ ተራሮች፣ ከፊታቸው ቶል ኤሬሴያ የተባለችው ደሴት፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ኑሜኖር። የክልከላው ጭካኔ የገባኝ ያኔ ነው። የኑሜኖር ሰዎች ዕድሜያቸው የሌላውን ሰው ሦስት እጥፍ ነው፤ የተከለከሉትም የገዛ ዳርቻቸው ከዓይናቸው እስኪሰወር ድረስ ወደ ምዕራብ እንዳይቀዝፉ ብቻ ነው። ነገር ግን ሰማዩ በጠራ ቀን ዓይኑ የሰላ ሰው ከተራራቸው አናት ላይ ሆኖ በሩቁ የምታበራ ነጭ ከተማ፣ ወደብና ማማ ያያል። እያዩ መቅረት! ዕድሜ ደግሞ ሦስት እጥፍ ቢሰጡትም የሚጠግበው የለም።

ቀጥሎ የደብተሬን ገጽ ለሁለት ከፈልኩት፤ በአንድ ወገን ክፉው መንፈስ ሳውሮን ስለ ቫሊኖር ምድር የሚናገረውን፣ በሌላው የቫሊኖር መልእክተኞች የሚሉትን ጻፍኩ። ሳውሮን እርጅና ያስጨነቀውን የኑሜኖር ንጉሥ አር-ፋራዞንን ምድሪቱን የያዘ ለዘላለም ይኖራል እያለ ያባብለዋል። መልእክተኞቹ አስቀድመው የተናገሩት ግን ተቃራኒውን ነበር፤ ምድሪቱ ማንንም ከሞት አታድንም፤ የተቀደሰችው የማይሞቱት ስለሚኖሩባት ነው፤ ሟች ሰው ቢገባባት ብርሃን እንደበዛባት የእሳት እራት ፈጥኖ ይዝላል። ይህን ልብ ያላለ አንባቢ ያው እንደ ንጉሡ በሳውሮን ወሬ ይወሰዳል።

በብሔረ ሕያዋን ትረካ ያደግን ሰዎች ደግሞ የራሳችን ፈተና አለብን። እኛ የምናውቀው አገር ጻድቃን የሚኖሩበት ስለሆነ ቫሊኖርም የጽድቅ ዋጋ ትመስለናለች። አይደለችም። ወደ ቀደሙት ክፍሎች ስመለስ በእርጅና ከማይሞቱት ፍጡራን፣ ከኤልፎች፣ አንዱ ወገን የሆኑት የኖልዶር ንጉሥ ፊንዌ የተገደለው እዚያው ምድር፣ በገዛ ደጃፉ ሆኖ አገኘሁት። ኤልፍ በኤልፍ ላይ ሰይፍ የመዘዘውም እዚያው፣ በአልኳሎንዴ ወደብ፣ መርከብ ለመንጠቅ ነው።

ከዚያ በኋላ «የቀለበቶቹ ጌታ» በተባለው የቶልኪን ልብ ወለድ ውስጥ ያለው የሟቹ ጀግና የፍሮዶ ነገር አላስቸገረኝም። ወደ ምዕራብ የተሳፈረው ዘላለም ሊኖር ነው የሚሉ አሉ፤ ቶልኪን ግን በ1954 በጻፈው ደብዳቤ ለሟቾች ቆይታው ጊዜያዊ እንደሆነ፣ ከቁስላቸው አገግመው በኋላ በፈቃዳቸው እንደሚያርፉ ግልጽ አድርጓል።

ያልተዋጠልኝ ቅጣቱ ነው። በሳውሮን ወሬ ተወስዶ መርከቦቹን በቫሊኖር ላይ ያዘመተው ንጉሡ አር-ፋራዞን ሆኖ ሳለ ከነሕፃናቱ የሰመጠው ደሴቱ ሁሉ ነው። ለክልከላው የታመኑት ጥቂት የኑሜኖር ሰዎች በዘጠኝ መርከብ አመለጡ፤ በንጉሡ ምክር ያልነበሩት ሕፃናት ግን ምን አጠፉ? ለዚህ በደብተሬ በሁለቱም ወገን የምጽፈው መልስ አላገኘሁም።