«ዓይኔን አውጥታችሁ ነው?»

የዛሬዋ የመጀመሪያ ታካሚ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው እናት ነበሩ። ብሌን የሚያሰፋውን ጠብታ ስጨምርላቸው የጋውናቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ፣ መልሰው ይጠቀልላሉ። የደም ግፊታቸው 178 በ96 ሆነ። ባለፈው ቀጠሮ ደህና ነበር። ዶክተሩ «ትንሽ ጠብቀን እንለካው» አለኝ።

«አይዞዎት፣ ቀላል ነው» ልል ነበር። ተውኩት። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እንደዚያ ብዬ አልፍ ነበር፤ ግን ቀላልነቱ ለእኔ ነው። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እናቴ፣ ምኑ ነው ያስፈራዎት?»

ቆየት ብለው፣ «ልጄ፣ ዓይኔን አውጥታችሁ ነው የምትሠሩት?» አሉኝ።

ስንቱ ይህን ፍርሃት በሆዱ ይዞ ይገባል! ሳይጠይቅ፣ አፍሮ። ዓይንዎ ከቦታው ንቅንቅ አይልም አልኳቸው። ዶክተሩ በትንሽ ቀዳዳ የደፈረሰውን ሌንስ ያወጣል፣ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል፤ በቃ። «ባርገበግበውስ?» የዓይን ቆብዎን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ መሣሪያ አለ። «ያመኛል?» ይደነዝዛል፤ መነካቱ ሊሰማዎት ይችላል፤ ካመመዎት ግን ወዲያው ይንገሩን፣ ማደንዘዣ ይጨመራል። ደማቅ ብርሃን ያያሉ፣ ጥላም ሊመስልዎት ይችላል፤ አይደንግጡ።

ብዙ ሰው ውስጥ ከገባ በኋላ የሚረበሸው ፊቱ ሲሸፈን ነው። የታፈነ ይመስለዋል። ስለዚህ እዚያው አልጋ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ፊታቸው ላይ ጣል አድርጌ አለማመድኳቸው። እጃቸውን ያዝኩ። በረዶ ነበር። «ከሥሩ አየር እናስገባልዎታለን። ሳል ከመጣብዎት እጄን ጨመቅ ያድርጉት፤ ዶክተሩ ሥራውን ያቆማል። ጭንቅላትዎን ብቻ እንዳያንቀሳቅሱ።» አንድ ሁለቴ ጨመቅ አድርገው ሞከሩት። ትንፋሻቸው ረጋ እያለ ሲመጣ ጨርቁ ላይ ይታየኝ ነበር።

ግፊቱ 152 በ84 ወረደ። ገባን።

መሀል ላይ እጄን ጭምቅ አደረጉኝ። «ዶክተር፣ አንዴ» አልኩ። እጁን አነሳ። ሳሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ተቀጠለ። እጄን ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቁም።

በኋላ ቀጣዩዋን ታካሚ ልጠራ ስወጣ፣ ዓይናቸው ላይ መሸፈኛው እንደተለጠፈ አግዳሚው ላይ ከሴትየዋ ጎን ተቀምጠዋል። ጠጋ ብለው፣ «ፊትሽን ይሸፍኑሻል፣ ግን አየር አለው» ይሏታል። «ሳል ከመጣብሽ እጇን ጨምቂ፤ እሷ ታውቃለች።»