ትራክተር ከመግዛታችሁ በፊት አፈራችሁን እዩት

ሰሞኑን ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ሦስት ሄክታር አለኝ፤ ስንት ፈረስ ጉልበት ልግዛ?» እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ሻጩ ጋ ሄጄ ይህንኑ ነበር የጠየቅኩት። «ለሦስት ሄክታር 25 ይበቃል» አለኝ። አፈሩ ምን ዓይነት ነው፣ ምን ትሠራበታለህ፣ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።

የቤተሰባችን መሬት ቢሾፍቱ አካባቢ ነው፤ ዋልካ፣ ጥቁር ሸክላማ አፈር። ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ በክረምት ደግሞ ቦት ጫማ ከእግር ይነጥቃል። ግንቦት ላይ ሁለት ዲስክ ያለው ማረሻ አስረን ገባን። ማረሻው መሬቱን ሲነክስ የሞተሩ ድምፅ እንኳ አልተለወጠም። የኋላ ጎማዎቹ ግን እዚያው ባሉበት ይሽከረከሩ ጀመር፣ አቧራው ተነሳ፣ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ብድግ ሲሉ ወንድሜ «ፍሪሲዮን ርገጥ!» ብሎ ጮኸብኝ። አባዬ የታረሰውን ፈር ጎንበስ ብሎ በእጁ ለካው። አራት ጣት አይሞላም።

ያን ቀን ነው የገባኝ። ጉልበቱ የሞተሩ ነው፤ ማረሻውን የሚጎትተው ግን መሬቱን የሚጫነው ክብደት ነው። ትራክተር በጥሩ መሬት ላይ የክብደቱን ግማሽ ያህል ከጎተተ ደህና ነው፤ የእኛው ደግሞ 1,000 ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። የትራክተር መሐንዲሱ ሃሪ ፈርጉሰንም ማረሻን በሦስት ነጥብ ከትራክተር ጋር ሲያያይዝ ያሰበው ይህንኑ ነው፤ የማረሻው ሸክም የኋላውን ጎማ እንዲጫንለት። ቀላል ትራክተር በደንብ ማረስ የቻለው በዚያ ነው። ዋልካ ግን ለዚያም ያስቸግራል።

የኋላ ጎማዎቹን ሦስት አራተኛ ያህል ውሃ ሞላናቸው። ፊት ላይ የአሸዋ ከረጢት አሰርን። ለውጥ አለው፣ ብዙም አይሽከረከርም። ቢሆንም የመጀመሪያውን እርሻ አሁን 75 ፈረስ ጉልበት ተከራይተን በአንድ ቀን እንጨርሰዋለን። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የትንሹ ነው፦ ጓሉን በሮታቫተር መከስከስ፣ ፍግ ማውጣት፣ ጭድና ድርቆሽ መጫን፣ ፓምፕ ማዞር። ይህ ሥራ በየሳምንቱ አለ። እርሻው ግን በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ነው፤ ለእሱ ብዬ ትልቅ ትራክተር አልገዛም። ትልቁ በእኛ ማሳ መዞሪያ አያገኝም፣ በቦዩ ላይ ያለውን ድልድይ እፈራለታለሁ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ ከገባ ደግሞ ጠቅጥቆት ይወጣል።

ስለዚህ ሻጭ ፈረስ ጉልበት ሲነግራችሁ ክብደቱን ጠይቁት። በፒቲኦ፣ ማለትም ከትራክተሩ ኋላ ሌላ ማሽን በሚያዞረው ዘንግ፣ የሚወጣው ጉልበት ስንት እንደሆነም ይንገራችሁ፤ ከሞተሩ ያንሳል፣ ሮታቫተሩን የሚያዞረው ደግሞ እሱ ነው። ከኋላ የሚታሰረውን ማሽን የሚያነሳው ሃይድሮሊክስ ስንት ኪሎ ያነሳል? ይህም ቢሆን የት ላይ እንደተለካ ጠይቁ፤ ማያያዣው ጫፍ ላይ የተለካና ከእሱ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ የተለካ ቁጥር በጣም ይራራቃሉ። የምታስሩት ማሽን የሚከብደው ደግሞ ከማያያዣው ወደ ኋላ ነው። የናፍጣ ፊልትሩንና የውሃ ፓምፑን ዛሬ ከመደርደሪያ አውርዶ ካላሳያችሁ ውጡ። እኛ ለአንድ ፊልትር አሥራ አንድ ቀን ቆመናል፣ ያውም ሰኔ ላይ።

አንድ ነገር በጣም አደራ፦ ከሹፌሩ ኋላ፣ ትራክተሩ ቢገለበጥ ሹፌሩን የሚከላከል የብረት ቅስት የሌለውን አትግዙ፣ ካለውም ቀበቶውን እሰሩ። ፊቱ ብድግ ሲል የሰው ልብ እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ።

እንደገና ብገዛ ለዚያ አፈር ከ35 እስከ 40 ፈረስ ጉልበት፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ከ1,500 ኪሎ በላይ የሚመዝን እመርጣለሁ። አፈራችሁ ቀላልና አሸዋማ ከሆነ ግን 25ቱ ሊበቃችሁ ይችላል፣ የእኔን አትከተሉ። ከተቻለ ሻጩን ለምናችሁ፣ የማጓጓዣውንም እናንተ ከፍላችሁ፣ በራሳችሁ ማሳ ላይ በደረቁ ሞክሩት።

አባዬ በሬዎቹን አልሸጠም። የማሳውን ጥግና ከድንጋይ ካቡ ሥር ያለውን ጠርዝ አሁንም በእነሱ ነው የሚያርሰው፤ ትራክተሩ እዚያ አይታጠፍም።